ጎንደር ውስጥ የፍርድ ቤት መዝገብ መፈለግና ግልባጭ ማውጣት

መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ቆሞ «የአባቴ የቦታ ክርክር ነበር፤ ፋይሉን ፈልጉልኝ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ነገ ተመለስ ይባላል። «የመዝገብ ቁጥሩ ይህ ነው፤ ፍርዱ የተሰጠው በዚህ ቀን ነው፤ የምፈልገው የፍርዱን ትክክለኛ ግልባጭ ነው» ያለው ግን ሥራው ግማሽ ተጠናቆለታል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወደ ሁለተኛው መድረሻ ነው።

የትኛው ፍርድ ቤት?

«ጎንደር ፍርድ ቤት» የሚባል አንድ ቤት የለም። በከተማው ወረዳ ፍርድ ቤትም ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ያስችላል፤ እያንዳንዱ የራሱ ሬጅስትራር (የመዝገብ ሥራውን የሚመራ ኃላፊ) እና የራሱ መዝገብ ቤት አለው። የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫው ባሕር ዳር ነው። የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ሰው ደግሞ «ጎንደር» የሚለውን ስም ይዞ ከተማ ይገባል እንጂ የወረዳው ዋና ከተማ ማክሰኝት ነው። የወገራ አምባ ጊዮርጊስ ነው፤ የደምቢያ ቆላ ድባ፤ የላይ አርማጭሆ ትክል ድንጋይ። በመጀመሪያ ደረጃ በወረዳ የታየ ጉዳይ መዝገቡ እዚያው ወረዳ ነው የሚቀመጠው።

የፌዴራል ጉዳይ የሆነ ክርክር (ለምሳሌ የጉምሩክ ወንጀል) ያለበት ሰው አዲስ አበባ መሄድ ያለበት ይመስለዋል። አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና ይሠራሉ። ስለዚህ መዝገቡን መጀመሪያ የምትፈልጉት እዚሁ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ይግባኙ ከተባለበት ባሕር ዳር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በውክልና በሰጠው ውሳኔ ላይ ይግባኝ ከቀረበ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት።

የቆየ መዝገብ ለሚፈልግ ሰው ትልቁ ወጥመድ የአስተዳደር ወሰን መቀያየሩ ነው። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ ለሦስት ተከፍሏል። የሰሜን ጎንደር ዋና ከተማ ደባርቅ፣ የምዕራብ ጎንደር ገንዳ ውኃ ሆነ። ከዚያ በፊት በዞን ደረጃ የታየ የደባርቅ ወይም የመተማ ጉዳይ የዞኑ መቀመጫ በነበረችው ጎንደር ሊገኝ ስለሚችል፣ ደባርቅ «እኛ ጋ የለም» ከተባላችሁ መዝገቡ ጠፍቷል ብላችሁ አትደምድሙ። መዝገቡ ወደ አዲሱ ዞን ተላልፎ ከሆነ ርክክቡ በዝርዝር የተመዘገበበት ሰነድ መኖር አለበት፤ ጠይቁ።

ከ1987 ዓ.ም. በፊት ያለው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ያኔ አውራጃ ፍርድ ቤት የሚባል እርከን ነበር፤ በንጉሡ ዘመን ጠቅላይ ግዛቱ በጌምድር (በኋላ በጌምድርና ሰሜን)፣ በደርግ ዘመን ደግሞ ጎንደር ክፍለ ሀገር ይባል ነበር። ሊቦ፣ ጋይንት፣ ጭልጋ፣ ወገራ አውራጃዎች ነበሩ። በእጃችሁ ያለው አሮጌ ወረቀት ራስጌው ላይ የተጻፈውን የፍርድ ቤት ስም እንዳለ ገልብጣችሁ ማመልከቻው ላይ አስፍሩት። በዛሬው ስም ከተረጎማችሁት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የሚፈልገው የተሳሳተ መደርደሪያ ላይ ነው።

እግረ መንገድ፦ ፍርድ ቤት ከሚመጣው ጥያቄ ቀላል የማይባለው የፍርድ ቤት አይደለም። የይዞታ ደብተር ቅጂ የሚሰጠው የመሬት አስተዳደር ነው። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት የወሳኝ ኩነት ነው። ክስ ሳይመሠረት የቀረ የምርመራ መዝገብ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ነው፤ «ከወንጀል ነፃ» ማስረጃም የፖሊስ ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የራሱ መዝገብ ቤት አለው፤ የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቀበሌ ነው የሚጠየቀው።

ቁጥሩን ማግኘት

ቁጥሩ የማይጠረጠሩ ቦታዎች ላይ ይገኛል፦ መጥሪያው ላይ፣ የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ፣ የዳኝነት የተከፈለበት ደረሰኝ ላይ፣ ፍርድ ቤቱ ለባንክ ወይም ለመሬት ጽሕፈት ቤት በጻፈው የእግድ ደብዳቤ ላይ። ጠበቃ ከነበራችሁ ቢሮው አለው። ተቃራኒ ወገንም አለው፤ ታርቃችሁ ከሆነ ደውሉለት።

አንድ ክርክር አንድ መዝገብ ብቻ አይተውም። ቦታ ይመለስልኝ ብሎ የከሰሰ ሰው ዋናው ክስ አንድ ቁጥር ይኖረዋል። ተከሳሹ ይግባኝ ሲል በላይኛው ፍርድ ቤት ሁለተኛ ቁጥር ይወጣል። ሰበር (በመጨረሻ ፍርድ ላይ ያለን የሕግ ስህተት የሚያርመው ችሎት) ከደረሰ ሦስተኛ። ፍርዱ ይፈጸምልኝ ሲባል ደግሞ ተመልሶ ታች አራተኛ ቁጥር፣ የአፈጻጸም መዝገብ፣ ይከፈታል። የፍርድ ባለመብቱ እጅ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀረው የመጨረሻው፣ የአፈጻጸሙ ቁጥር ነው። በእርሱ ጠይቆ የሚያገኘው የሐራጅና የእግድ ትዕዛዝ ነው እንጂ ፍርዱን አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የአፈጻጸም መዝገቡ ሲከፈት ፍርዱ አብሮ ስለሚያያዝ ዋናውን ቁጥር ከዚያ ላይ ቅዱ። የይግባኝ ፍርድም በመግቢያው የሥር ፍርድ ቤቱን ስምና የመዝገብ ቁጥር ይጠቅሳል።

ቁጥር ፈጽሞ ከሌለ በስም ይፈለጋል፤ እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚያስፈልገው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ፊደል ነው። ኮምፒዩተር ላይ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሐይሉ» ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። «ሠናይት» እና «ሰናይት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ዓለሙ» እና «አለሙ» እንዲሁ። «ገብረ መድኅን» በሙሉ ሳይሆን «ገ/መድህን» ተብሎ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ «ወልደ ገብርኤል»ም «ወ/ገብርኤል»። ከቤት ሳትወጡ ስሙ ሊጻፍ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ ወረቀት ላይ ደርድራችሁ ሂዱና ሠራተኛው አንድ በአንድ እንዲሞክር ለምኑ።

ሁለተኛው ችግር «እነ» ነው። ከሳሾች አምስት ሲሆኑ መዝገቡ የሚጠራው «እነ አለሙ (5 ሰዎች)» ተብሎ በመጀመሪያው ሰው ነው። የእናንተ እናት ሦስተኛ ከሳሽ ከነበረች በእርሷ ስም ቀኑን ሙሉ ቢፈለግ አይገኝም። የወንድሞቿን፣ የተከሳሹንም ስም ይዛችሁ ሂዱ። ስም እስከ አያት ያስፈልጋል።

ከስሙ ጋር ዓመቱን ማጥበብ ግድ ነው። የቆዩ መዝገቦች የሚገኙት በእጅ በተጻፈ ትልቅ የመመዝገቢያ ደብተር ነው፤ ደብተሩም በዓመት ነው የተከፋፈለው። ክሱ የቀረበበት ዓመት እንጂ የተፈረደበት አይደለም መለያው፤ በ2004 ተከፍቶ በ2008 የተዘጋ መዝገብ 2004 ላይ ነው የሚፈለገው። ውጭ አገር ሆኖ በፈረንጅ ቀን የሚያስታውስ ዘመድ ካለ ቀኑን ቀይሩት፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ጊዜ ከፈረንጁ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ ላለው 8 ይቀነሳል።

ምን ልጠይቅ?

«የመዝገቡ ኮፒ» የሚባል ጥያቄ ግልጽ አይደለም። መዝገብ ውስጥ ክሱ፣ መልሱ፣ የሰነድ ማስረጃው፣ የምስክሮች ቃል፣ በየቀጠሮው የተሰጠው ትዕዛዝ፣ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ወደ ዋናው ጉዳይ ሳይገባ በሚነሳ ተቃውሞ) ላይ የተሰጠ ብይንና ፍርዱ አሉ። ለይግባኝ የሚያስፈልገው ፍርዱ ነው፤ ግን ቅሬታችሁ ምስክር በአግባቡ አልተሰማልኝም የሚል ከሆነ የምስክሮቹ ቃል የተመዘገበበትም ያስፈልጋችኋል። ለወራሽነትና ለፍቺ ማስረጃ ፍርዱ ብቻ ይበቃል። የወራሽነት ጉዳይ ላይ ግን አንድ ነገር አስተውሉ፦ ፍርድ ቤት የሚሰጠው የወራሽነት የምስክር ወረቀት (በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 996 የሚሰጠው) አንድ ነገር ነው፤ ውርስ አጣሪ ሪፖርት አቅርቦ የጸደቀበት መዝገብ ሌላ ነው። ባንክ የጠየቃችሁ የትኛውን እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትምጡ።

ፎቶ ኮፒና ትክክለኛ ግልባጭም ይለያያሉ። ትክክለኛ ግልባጭ የሚባለው ከዋናው ጋር ተመሳክሮ «ትክክለኛ ግልባጭ» የሚል ጽሑፍ፣ የሬጅስትራሩ ስምና ፊርማ ያለበት ቲተር፣ የፍርድ ቤቱም ክብ ማኅተም ያረፈበት ነው። ያለ እነዚህ ወረቀቱ ለራስ ከማንበብ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ማመልከቻው

ተከራካሪ የነበረ ሰው መታወቂያውን ይዞ በራሱ ያመለክታል። ወኪል ከሆነ ውክልናው ላይ «ግልባጭ እንዲወስድ» ወይም «መዝገብ እንዲያይ» የሚል ቃል መኖሩን አረጋግጡ፤ ንብረት ለመሸጥ ብቻ የተሰጠ ውክልና ይዞ የመጣ ሰው ይመለሳል። ውጭ አገር ኤምባሲ የተሰጠ ውክልና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በሰነዶች ማረጋገጫ ሳያልፍ አይሠራም። ተከራካሪው ከሞተ ወራሹ የወራሽነት ማስረጃ ያያይዛል።

ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ይህን ይጽፉላችኋል፤ ራሳችሁም መጻፍ ትችላላችሁ፦

*ቀን … ዓ.ም.*
*ለ… ፍርድ ቤት ሬጅስትራር*
*አመልካች፦ (ሙሉ ስም እስከ አያት)*
*አድራሻ፦ (ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ ስልክ)*
*የመዝገብ ቁጥር … ከሳሽ … ተከሳሽ …*
*ጉዳዩ፦ የፍርድ ትክክለኛ ግልባጭ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ*
*ከላይ በተጠቀሰው መዝገብ 2ኛ ተከሳሽ ሆኜ ስከራከር ቆይቼ በ… ቀን … ዓ.ም. ፍርድ ተሰጥቷል። ለይግባኝ ስለሚያስፈልገኝ የፍርዱ ትክክለኛ ግልባጭ በ2 ቅጂ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ። ማመልከቻው በእውነት የቀረበ መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ።*
*(ፊርማ)*

ሁለት ቅጂ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ለምታስገቡበት መሥሪያ ቤት ነው፤ አንዱ ቤት ይቀመጣል። ማመልከቻውንም በሁለት አትሙትና የእናንተ ቅጂ ላይ የገባበት ቀን ተጽፎ እንዲመታበት ጠይቁ። ገንዘብ የሚከፈለው ሒሳብ ክፍል ነው፤ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ የለም። «ቶሎ እንዲወጣልህ» ተብሎ በኮሪደር የሚጠየቅ ገንዘብ ግልባጩን አያፈጥነውም፤ የሚያፈጥነው ትክክለኛው ቁጥር ነው።

ግልባጩን ተቀብላችሁ ከግቢው ሳትወጡ አንብቡት። ገጾቹ ይቀጥላሉ ወይ? ስማችሁ ልክ ነው? የዳኞቹ ስም አለ? ማኅተሙ ይነበባል? እያንዳንዱ ገጽ ላይ አርፏል? የፍርዱ ማብቂያ ላይ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» የሚል ቃል ከሌለ የመጨረሻው ገጽ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። የስም ስህተት ግልባጩ ላይ ብቻ ከሆነ እዚያው ይታረማል። ስህተቱ ዋናው ፍርድ ላይ ከሆነ ግን ሬጅስትራሩ መነካካት አይችልም፤ ፍርዱን ለሰጠው ችሎት የእርማት ማመልከቻ ይቀርባል። «ደስታ» ተብሎ መጻፍ ሲገባው «ደሳለኝ» የተባለ ሰው ይህን ሳያስተካክል መሬት ጽሕፈት ቤት ቢሄድ ይመልሱታል።

ቀን የሚቆጠርበት

የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 323)፤ ከይግባኝ ማመልከቻው ጋርም የፍርዱ ግልባጭ ይያያዛል (ቁጥር 327)። ልብ በሉ፣ ቆጠራው ከፍርዱ ቀን ነው፤ ግልባጩ እጃችሁ ከገባበት አይደለም። ፍርዱ ገና አልተተየበም፣ ዳኛው ተዛውሯል፣ ፊርማ ቀርቶበታል የሚሉ ምክንያቶች ሳምንታትን ይበላሉ። ስለዚህ ግልባጭ የሚጠየቀው ፍርዱ በተነበበበት ዕለት ነው፤ ቢዘገይ በማግሥቱ። ግልባጩ ላይ የተጠየቀበትና የተሰጠበት ቀን እንዲጻፍ አስደርጉ። ጊዜው ካለፈ የይግባኝ ማስፈቀጃ ስትጠይቁ የመዘግየቱ ምክንያት ከእናንተ እንዳልሆነ የሚያሳየው ያ ነው።

በወንጀል ስሌቱ ሌላ ነው። የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ለፈረደው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ይሰጣል፤ ዝርዝር ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ይገባል (የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ቁጥር 187)። ዘመዳቸው ማረሚያ ቤት የገባ ቤተሰቦች ግልባጩን እየጠበቁ 15 ቀኑን ያሳልፉታል። ማስታወቂያው ግልባጭ አይፈልግም፤ አስቀድሞ ይገባል። ለፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ጊዜው 90 ቀን ነው።

በፍትሐ ብሔር ፍርድ አፈጻጸም ላይ ደግሞ የ10 ዓመት ገደብ አለ (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 384)። የአሥራ አምስት ዓመት ፍርድ መዝገብ ቤት ውስጥ ተገኝቶ ግልባጩ ቢወጣም በእርሱ አዲስ አፈጻጸም መክፈት አይቻልም። የታሪክና የማስረጃ ዋጋው ግን አይጠፋም።

ነሐሴና መስከረም ፍርድ ቤቶች የክረምት ዕረፍት ላይ ስለሚሆኑ ተረኛ ችሎት ብቻ ይሠራል፤ የመዝገብ ቤት ሥራም ይቀዘቅዛል። ከገጠር ለምትመጡ ሌላም አለ፦ ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ፣ ከጥር 10 እስከ 12፣ ጎንደር የጥምቀት እንጂ የመዝገብ ከተማ አይደለችም።

መዝገቡ አልተገኘም ሲባል

«የለም» የሚለው መልስ ቢያንስ አራት ትርጉም አለው። መዝገቡ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት «ይቅረብ» ብሎት ወደ ላይ ሄዷል፤ ከሆነ የተላከበትን የደብዳቤ ቁጥርና ቀን ተቀበሉ። ወይም ከሌላ መዝገብ ጋር ተጣምሯል፤ የተጣመረበትን ቁጥር ጠይቁ። ወይም ገና ችሎት ጸሐፊው ወይም ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ይህ አዲስ ፍርድ ላይ በብዛት ይገጥማል። አራተኛው ነው እውነተኛው መጥፋት። ያኔ «አልተገኘም» የሚለውን በቃል ተቀብላችሁ አትሂዱ፤ ማመልከቻችሁ ላይ በጽሑፍ እንዲመለስ ጠይቁና ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት መዝገቡ እንዲደራጅ አመልክቱ። መልሶ ለማደራጀት የሚረዳው በእናንተ፣ በተቃራኒ ወገንና በጠበቆች እጅ ያለው ቅጂ፣ እንዲሁም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ዘንድ የተያያዘው ግልባጭ ነው።

ተከራካሪ ላልነበረ ሰው

ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 በዝግ የሚታየው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ ነው። ይህ ማለት ግን ማንም ገብቶ የማንንም ፋይል ያገላብጣል ማለት አይደለም። ጋዜጠኛ፣ ተመራማሪ፣ ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው ምክንያቱን ጽፎ ለፍርድ ቤቱ ኃላፊ ያመለክታል፤ ተማሪ ከሆነ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መንገድ ይከፍታል። ሲፈቀድ መዝገቡ የሚታየው እዚያው ሠራተኛ ፊት ነው፤ በስልክ ፎቶ ማንሳት የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። የሕፃናትና የወጣት ጥፋተኞች መዝገብ ላይ ብዙ አትድከሙ።

በቃል የተከለከለ ሰው ጥያቄውን በጽሑፍ ያድርገው። በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል ለጽሑፍ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ቅሬታውን የሚያየው የእንባ ጠባቂ ተቋም ነው።

የሌላ ሰው መዝገብ ለራሳችሁ ክርክር በማስረጃነት ከፈለጋችሁት አጭሩ መንገድ ሌላ ነው። ጉዳያችሁን የያዘውን ችሎት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 145 መሠረት መዝገቡን እንዲያስቀርብ ጠይቁ። ማመልከቻው በቃለ መሐላ ተደግፎ ሁለት ነገር ማሳየት አለበት፦ መዝገቡ ለክርክሩ ምን እንደሚረዳ፣ ግልባጩንም በራሳችሁ ያለ ብዙ መዘግየትና ወጪ ማግኘት ያልቻላችሁበትን ምክንያት። እዚህ ላይ ነው ቀደም ሲል በጽሑፍ የተቀበላችሁት ክልከላ የሚጠቅመው።

የሕግ ትርጉም ብቻ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ጭራሽ መዝገብ ቤት መሄድ የለበትም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ ታትመው ወጥተዋል፤ በኢንተርኔትም ይገኛሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማመልከቻ ለመጻፍ አቅም ላነሰው ሰው ይረዳል።

ግልባጩ ለውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ከማስተርጎማችሁ በፊት ማኅተሙንና የሬጅስትራሩን ስም ደግማችሁ እዩ። ወረቀቱ ተተርጉሞ በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሲደርስ የደበዘዘ ማኅተም ያለበት ግልባጭ ይመለሳል፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።